በሰፈር እድር የምግብ ባንክ ለማቋቋም ከምን እንጀምር? (ጎንደር)

ጠያቂ፦ የማራኪ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር ከተማ ማራኪ ክፍለ ከተማ የምኖር የአንድ እድር አባል ነኝ። ባለፈው ነሐሴ፣ የሁለት ወር መዋጮ ያልከፈሉ አንዲት እናታችንን ምክንያቱን ሊጠይቅ ቤታቸው የሄደው ገንዘብ ያዣችን፣ ምድጃው ላይ ድመት ተኝታ አግኝቶ ተመለሰ። ስለ መዋጮው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ለእኛም የነገረን «እዚያ ቤት እሳት ከተለኮሰ ቀናት አልፈዋል» ብሎ ብቻ ነው። እኒህ ሴት ነገ ቢሞቱ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ እስከ ሠልስት ድረስ ለቀስተኛውን ያበላል፤ በሕይወት ሳሉ ግን አንድ ቁና እህል የሚያደርስላቸው ሥርዓት የለንም። ነገሩ ብዙዎቻችንን እንቅልፍ ነሥቶናል።

ስለዚህ ጥቂት ሆነን በሰፈሩ መዋጮ የሚቆም የምግብ ባንክ ለማቋቋም አስበናል። መዋጮውን በእህል እንቀበል ወይስ በገንዘብ? ከሆቴልና ከሠርግ ቤት የሚተርፈውን ምግብ መሰብሰብስ ያዋጣል? ደግሞም እርዳታው ለማን ይሁን፣ ማንስ ይምረጥ? እንዲህ ያለ ነገር ሞክራችሁ የምታውቁ ያያችሁትን ብትነግሩን ከብዙ ስሕተት ታድኑናላችሁ።

መልስ 1፦ የእድር ጸሐፊ፣ አራዳ

ወንድሜ፣ ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ። ረጅም ዘመን በእድር ጸሐፊነት ስላገለገልሁ በመጀመሪያ አንድ ነገር ላንሣ።

የምግብ ባንክ የሚለው ስም የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ፣ ድሆችን በሚያበላ ቤት በበጎ ፈቃድ ያገለግል የነበረ ጆን ቫን ሄንግል የተባለ ሰው፣ ከመደብሮች ደጅ የተጣለ ምግብ እየለቀመች ልጆቿን የምታሳድግ እናት አገኘ። ሰው ገንዘቡን በባንክ አስቀምጦ እንደሚያወጣ ሁሉ ምግብም የሚቀመጥበትና የቸገረው የሚያወጣበት ቦታ ቢኖር የሚለው ሐሳብ የእርሷ ነበር፤ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አንድ ያረጀ ሕንፃ ሰጠችውና ሥራው በዚያ ተጀመረ። ይህን የማነሣው ልዩነቱ እንዲታየን ነው። የእነርሱ ባንክ የቆመው በትርፍ ላይ ነው። ፋብሪካውና ትልልቁ መደብር ሳይሸጥ የቀረበትን የታሸገ ምግብ ዓመቱን ሙሉ ይሰጣል፤ ባንኩ ተቀብሎ ያከፋፍላል።

በእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ትርፍ ዓመቱን ሙሉ የለም፤ ያለውም ወቅቱ የተገላቢጦሽ ነው። ምግብ ተርፎ የሚታየው በጥር ነው፦ ጥምቀት አለ፣ እንግዳ ከየአገሩ ይመጣል፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ የሚደገስ ሠርግ አለ፣ አዝመራውም ገብቷል። ችግሩ የሚጠናው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያን ጊዜ ግንባታው በዝናብ ይቆማል፣ የቀን ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይውላል፣ የአምናው እህል ተሟጥጦ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው፣ ዋጋውም ይንራል። ስለዚህ የእናንተ ባንክ ሥራ የጥርን እህል ለነሐሴ ማድረስ ነው። ይህን ካልያዛችሁ የሠርግ ቤት ትራፊ ስታሯሩጡ ክረምቱ ይደርስባችኋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በአገራችን የእርዳታ አሠራር የተለመደው የአንድ ሰው የወር ቀለብ 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። በ20 ቤት አምስት አምስት ሰው ቢኖር 100 ሰው ይሆናል፤ ለወር 15 ኩንታል፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ 45 ኩንታል እህል ያስፈልጋል። 300 አባል ያለው እድር እያንዳንዱ አባል 5 ኪሎ ቢሰጥ የሚገኘው 15 ኩንታል ነው፤ የአንድ ወር ብቻ ማለት ነው። ስለዚህ ወይ ሦስት እድሮች ተጣምራችሁ ሥሩ፣ ወይ የቀለቡን ሢሶ ብቻ እንደምትሸፍኑ ከመጀመሪያው በግልጽ ተናገሩ። ሙሉውን እንሰጣለን ብሎ በነሐሴ አጋማሽ ባዶ መጋዘን ከመክፈት የከፋ ነገር የለም።

መዋጮውን በእህል አድርጉት ባይ ነኝ። ገንዘብ ከወጣው ሰው ይልቅ ከጆንያው ሁለት ጣሳ የሰፈረ ሰው ልቡ እዚያው ይቀራል። ስለ ሕጉ ካሰባችሁ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም፤ ነገር ግን ሥራው አድጎ ራሱን የቻለ ድርጅት እንዲሆን ከፈለጋችሁ በሕጉ መሠረት መመዝገብ ይኖርባችኋል።

ለማን ይሰጥ ለሚለው፣ የተረጂዎች ዝርዝር በእድሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በ2015 ዓ.ም. በሰኔ መባቻ እርዳታ ከታለመለት ሰው ውጭ እየሄደ ነው ተብሎ የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላው አገሪቱ እህል ማደል አቁመው እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ለወራት የተጎዳው ማን ነበር? የሰረቀው ሳይሆን ሰልፉ ላይ የቆመው ነው። ግልጽነት የጎደለው ጎተራ አንድ ክረምት አይሻገርም።

መልስ 2፦ እህል ነጋዴ፣ ቅዳሜ ገበያ

የጸሐፊው ስሌት ልክ ነው። መዋጮው በእህል ይሁን የሚለው ግን በወረቀት ላይ እንጂ በመጋዘን አያምርም። አንዱ ጤፍ ያመጣል፣ ሌላው በቆሎ፣ ሌላው ጠጠር የበዛበት ገብስ፣ አንዱ ደግሞ ነቀዝ የገባበትንና ለዶሮ ያሰበውን ማሽላ ያመጣላችኋል። ሰጪውን አሳፍሮ መመለስ አይቻልም። ያን ሁሉ በሰፌድ የምታበጥረውና የምትለቅመው ማን ናት? ያው የእድሩ ሴቶች ናቸው። የነቀዘው አንድ ጆንያ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይበክላል። ገንዘብ ሰብስቡና ዋጋው ሲረግብ በጥርና በየካቲት አንድ ዓይነት እህል በአንድ ጊዜ ግዙ። ማሽላው ከመተማ በኩል፣ ሽንብራው ከደምቢያ፣ ባቄላው ከወገራ ይመጣል፤ ከአንድ ሻጭ የተገዛ እህል ጥራቱም አንድ ነው፣ ሲጎድልም ተጠያቂው ይታወቃል።

ስለ አከማቸት ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ማሽላ ገዝቼ ሲሚንቶው ወለል ላይ ደርድሬ፣ ግድግዳውን አስደግፌ፣ በሩን ቆልፌ አገር አማን ብዬ ተቀመጥሁ። በነሐሴ ስከፍተው የታችኛው ረድፍ ጆንያ ቆዳው ረጥቦ ሸተተኝ፤ እጄን ስከት እህሉ ትኩሳት እንዳለበት ሰው ይሞቃል። ሲሚንቶ ደረቅ ይመስላል እንጂ በክረምት እርጥበት ይስባል። የሻገተ እህል ደግሞ በተለይ በቆሎና ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይይዛል፤ መርዙ ቢታጠብም ቢቀቀልም አይለቅም። ስለዚህ ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ፣ ከግድግዳው ሰው የሚያሳልፍ ያህል ይራቅ፣ ጣሪያው ሳይዘንብ በግንቦት ይፈተሽ።

ስትገዙ እህሉ መድረቁን እወቁ። አባቶቻችን በጥርሳቸው ይሞክሩት ነበር፤ ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ከተለጠጠ ይሰጣ። ሌላም ቀላል ዘዴ አለ፦ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህሉንና ጥቂት ደረቅ ጨው አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ ናጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነውና አትግዙት። ጤፍ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ ማሽላ፣ በቆሎና ጥራጥሬ ግን ያለ ጥበቃ ስድስት ወር አይቆዩላችሁም። ፒክስ የሚባለው ከውስጥ ሁለት ላስቲክ ያለው ከረጢት ለዚህ ይረዳል፤ አፉ በየላስቲኩ ተጠምዝዞ በደንብ ከታሰረ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፣ መድኃኒትም አያስፈልገውም። አንድ ቀዳዳ ካገኘ ግን ተራ ጆንያ ነው፤ አይጥ ጠብቁ። ስለ መድኃኒቱ ካነሣሁ አይቀር፣ በገበያ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ሰው በሚያድርበት ቤት ወይም ከመኖሪያ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ክፍል በፍጹም እንዳትጠቀሙ። የሚወጣው ጋዝ ነቀዝና ሰው አይለይም።

መልስ 3፦ የአዲስ ዓለም ነዋሪ

ሁለታችሁም የተናገራችሁት ጠቃሚ ነው። እኔ የምጨምረው አጭር ነው። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ዘካተል ፊጥር የሚባል ግዴታ አለ፤ አባወራው በቤቱ ስላለ ሰው ሁሉ፣ ስለ ሕፃኑም ጭምር፣ በነፍስ ወከፍ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል እህል ለችግረኛ ይሰጣል። ነገር ግን ከዒድ ሶላት በፊት ለባለቤቱ መድረስ ስላለበት እስከ ክረምት የሚከማች አይደለም፤ ረመዳንም በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚዞር ከክረምቱ ጋር የሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው። ሶደቃ ግን በማንኛውም ጊዜ ስለሚሰጥ ለእናንተ ጎተራ ይሆናል። ጀማዓውን ብታነጋግሩ ደስ ብሎት ይተባበራል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ሰፈሩ የሁላችንም ከሆነ ጎተራው እህል፣ ጥራጥሬ፣ ዘይትና ጨው ላይ ብቻ ይቁም። ሥጋ የገባበት ነገር ከመጣ በማን ተባረከ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ በእናንተም በኩል ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ነሐሴ ሲገባም ፍልሰታ ነው። ሽሮ ግን ማንንም አያጣላም።

መልስ 4፦ እናት ከአዘዞ

ወንድሞቼ፣ እናንተ ስለ ሰጪውና ስለ ጎተራው ተነጋገራችሁ። እኔ ተቀባይ ሆኜ ስለማውቀው፣ ከወዲያኛው በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

ባለቤቴ በሞተ ዓመት አንድ የእርዳታ ድርጅት 25 ኪሎ ስንዴ ሰጠኝ። ስሙን አልጠራም። በመጀመሪያ ስንዴውን በራሴ ላይ እንደተሸከምሁ ፎቶ አነሡኝ፤ ልጄ ያን ፎቶ የጓደኛዋ ስልክ ላይ አይታው ሳምንት ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ከዚያ እህሉ ቤት ገባ። አሁን ልብ በሉልኝ፦ ስንዴ እንዲሁ አይበላም። ወፍጮ ቤት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ምጣድ ማገዶ ይጠይቃል፣ እንጀራም ሆነ ቂጣ ወጥ ይጠይቃል። ገንዘብ አልነበረኝምና ከ25 ኪሎው ስድስት ኪሎውን በርካሽ ሸጬ አስፈጨሁ፤ ለከሰልና ለበርበሬ ደግሞ ሌላ አምስት ኪሎ ሄደ። ያየኝ ሰው «ተርቤያለሁ ትላለች፣ እርዳታውን ግን ትቸረችራለች» አለ። እህል የሰጠኝም ሰው የሚያውቀው 25 ኪሎ መስጠቱን ነው እንጂ የበላሁት 14 ኪሎ መሆኑን አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውና። ከሰፈራችሁ ወፍጮ ቤት ጋር ተስማሙና እህሉ እዚያው ይፈጭ፤ የማስፈጫውን እድሩ ይክፈል። ተረጂዋ እንደ ማንኛዋም ሴት እንቅቧን ይዛ ወፍጮ ቤት ትሂድና ዱቄቷን ተቀብላ ትመለስ። ወፍጮ ቤት ሁሉም ሰው ይሄዳል፤ ማን በመዋጮ፣ ማን በገንዘቡ እንዳስፈጨ ማንም አይለይም። ሰልፍ የለም፣ ፎቶ የለም።

ጸሐፊው ዝርዝሩ በሰሌዳ ይለጠፍ ያሉት ግን አሳዝኖኛል። አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዲህ ቢለጠፍ ኖሮ እኔ ስሜን ከማይ ጾሜን አድር ነበር። በእርግጥ የሚቸገረው እኮ ደጅ የሚጠናው ብቻ አይደለም። በሰንበቴ ጠላ የቀዳች፣ ማኅበር የደገሰች፣ ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ ከልክላ የማታውቅ ሴት ዛሬ እጇ ሲያጥር በሯን ዘግታ ትቀመጣለች። ጠያቂው የነገሩን ድመቷ ምድጃ ላይ የተኛችባቸው እናት፣ ስማቸው ሰሌዳ ላይ ቢወጣ የሚመጡ ይመስላችኋል?

መልስ 5፦ የጤና ባለሙያ

ሁለት ነገሮችን ብቻ ላሳስብ። በመጀመሪያ፣ የተጎዳ ሕፃን በእህል አይድንም። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም እግሩ ላይ እብጠት ከታየ፣ የከፋ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ስለሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ። እዚያ የሚሰጠው ፕላምፕኔት የሚባል በለውዝ የተሠራ ገንቢ ምግብ ለዚያ ልጅ የታዘዘ መድኃኒት ነው፤ ቤተሰቡ ስለተራበ ተካፍሎት ልጁ ሳያገግም የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። የእናንተ ጎተራ ለቀሪው ቤተሰብ የሚበላ ካቀረበ የልጁ መድኃኒት ለልጁ ይቀራል። በዚህ በኩል ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ብትሠሩ ችግረኛ ቤቶችን ከማንም በላይ ታውቃቸዋለች።

ሁለተኛው ስለ ሠርግ ቤት ትራፊ ነው። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ ካልተያዘ ወይም ከ5 ዲግሪ በታች ካልቀዘቀዘ ከሁለት ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባውም፤ ማታ የተረፈ ወጥ ጠዋት ለሰው መስጠት በሽታ ማደል ነው። እንጀራው ግን ሌላ ነው። ሳይሻግት በዚያው ቀን በንጹሕ ሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ ድርቆሽ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ጥር ደግሞ ፀሐይ የማታጣው ወር ናት።

ጠያቂ፦ የማራኪ ነዋሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ትላንት ማታ መልሶቻችሁን ለእድሩ ሥራ አስፈጻሚ አንብቤላቸው ነበር። ከአጎራባች ሁለት እድሮች ጋር እንነጋገራለን፤ እስከዚያው በ20 ቤት እንጀምራለን፣ የምንሸፍነውም የቀለቡን ሢሶ መሆኑን አስቀድመን እንናገራለን። መዋጮው በገንዘብ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የጸሐፊው ቃል ስለነካን፣ መስጠት የሚፈልግ ሰው በጥራጥሬ ብቻ እንዲያመጣ፣ ነጋዴው ባሉት የጨውና የጠርሙስ ዘዴ ተፈትሾ እንዲገባ ተስማምተናል። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ዛሬ ጠዋት አነጋግረነው ከተለመደው ዋጋ ሊቀንስልን ፈቅዷል። የሠርግ ትራፊውን ከእንጀራው በቀር ትተነዋል።

ያልተስማማነው በዝርዝሩ ላይ ነው። ግማሾቻችን እንደ ጸሐፊው ግልጽነት እንፈልጋለን፤ ግማሾቻችን ደግሞ የአዘዞዋን እናት ቃል ከሰማን በኋላ ስም መለጠፍ አልሆነልንም።

መልስ 6፦ የእድር ጸሐፊ፣ አራዳ

የአዘዞዋ እናት ልክ ናቸው፤ ቃሌን አንሥቻለሁ። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ስንት ኩንታል እንደገባ፣ በስንት እንደተገዛ፣ ስንት እንደተፈጨና ስንት እንደቀረ ይሁን። ስም ግን በአንድ መዝገብ ይያዝና መዝገቡ ከመጋዘኑ ጋር ይቆለፍ። የድሮ እድሮች የገንዘብ ሣጥናቸው ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ አንዳንድ ይይዙና ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። እናንተም እንደዚያው አድርጉ፤ ሦስተኛውን ቁልፍ ግን ለሥራ አስፈጻሚ አትስጡ።

መልስ 7፦ እናት ከአዘዞ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ አባቴ። ሦስተኛውን ቁልፍ ድመቷ ምድጃ ላይ ለተኛችባቸው እናት ስጧቸው። ቀድመው ግን መዋጯቸውን ሰርዙላቸው።